ከታች የተበላው፣ ከላይ የተሰነጠቀው አጣና

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጎጃም፣ ከሜጫ ነው። ባለፈው በጋ ቤት ልሠራ ብዬ ባህር ዛፍ አስቆርጬ አጣናውን ጓሮ ከመርኩት። ገንዘብ ስላጠረኝ ሥራው ቆየ። ክረምቱ እንዳይመታው ላስቲክ አልብሼው ነበር። አሁን ስገልጠው ከላይ ያለው ጫፍ ጫፉ ተሰነጣጥቋል። ከታች ያለው ደግሞ ውስጡ ተበልቶ አፈር ሞልቶታል። ሰው ሁሉ «በጨረቃ ተቆርጦ ነው» ይለኛል። ወይስ ዘሩ ነው? ምን መድኃኒት ልርጭበት? ከመስቀል በኋላ ሌላ ላስቆርጥ አስቤያለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የደከሙበት እንጨት እንዲህ ሲሆን ያሳዝናል። ግን ደብዳቤዎ ውስጥ መልሱ አለ። የተበላው ከታች ነው፣ የተሰነጠቀው ከላይ ነው ብለዋል። ጨረቃ ወይም ዘር ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት ይሆን ነበር። እንደኔ ግምት አጣናው በቀጥታ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ከነቅርፊቱ ሳይሆንም አይቀርም።

ከታች የበላው ምስጥ ነው። ውስጡ አፈር ሞልቶታል ማለትዎ በቂ ምልክት ነው። ከላይ ያለውን የሰነጠቀው የበጋ ፀሐይ ነው። እንጨት ውኃውን በፍጥነት የሚያጣው በተቆረጠው ጫፉ በኩል ነው። ጫፉ ደርቆ ሲኮማተር መሃሉ ገና እርጥብ ነው፤ ያን ጊዜ ይሰነጠቃል። ዘሩን በተመለከተ፣ የቀይ ባህር ዛፍ ቀዩ ልብ ከነጩ ይልቅ ምስጥ ይቋቋማል። ነገር ግን በልጅነቱ የተቆረጠ አጣና አብዛኛው ገና ነጭ እንጨት ስለሆነ ብዙም አይለያይም።

አንድ ነገር ልቆጣዎት። ላስቲኩን ማን መከረዎት? በየሰፈሩ የማየው ነገር ነው። እርጥብ እንጨት ዙሪያውን በላስቲክ ሲጠቀለል ውኃው መውጫ ያጣል። ውስጡ ይታፈናል፣ ይሻግታል፣ ይጠቁራል። ምስጥ ደግሞ የሚወደው እርጥበትና ጨለማ ነው። ለመከላከል ብለው ያደረጉት ነገር ምስጡን ጠቅሞታል።

አሁን ወደ መፍትሔው። ብር አያስወጣም። ጎተራዎን መሬት ላይ አያስቀምጡትም፣ ድንጋይ ላይ ነው የሚያቆሙት። አጣናውንም እንደዚያው ያድርጉት።

ውኃ የማይተኛበት ቦታ ይምረጡና ሣሩንና ቅጠሉን ሙልጭ አድርገው ይጥረጉ። ጠፍጣፋ ድንጋዮች በመስመር ይደርድሩ። ከፍታቸው ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ጎንበስ ብለው ከሥሩ ማየት መቻል አለብዎት። በአንዱ መስመርና በሌላው መካከል አንድ ሜትር ገደማ ይተዉ። በየመስመሩ ላይ ወፍራም ደረቅ እንጨት ያጋድሙ። አጣናው በዚያ ላይ አግድም ይተኛል፣ ጎን ለጎን ሳይነካካ።

አንዱን ረድፍ ሲጨርሱ ሌላውን በቀጥታ አይጫኑበት። መሃል ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ደረቅ መለያ እንጨቶች ያስገቡ፣ አየር እንዲያልፍ። ውፍረታቸው እኩል ይሁን። ደግሞም ልክ ከድንጋዮቹ መስመር በላይ፣ አንዱ ባንዱ ትይዩ ይቀመጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መለያዎቹ ወዲያና ወዲህ ከሆኑ አጣናው ሲደርቅ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ቋሚ ደግሞ ግድግዳ ያበላሻል። ከላይ ጥቂት ከባድ ድንጋይ ይጫኑበት፣ ቀጥ ብሎ ይደርቃል።

ለጣራ አሮጌ ቆርቆሮ ወይም የሣር ክዳን ይበቃል። ጫፎቹን አልፎ ይውጣ፣ ፀሐይም ዝናብም እንዳይመታቸው። ጎኑ ክፍት ይሁን። ላስቲኩም ቢሆን ከላይ እንደ ጣራ ከተወጠረ ይጠቅማል፤ ጎኑን ግን አይሸፍኑት።

ምስጥ ድንጋይ መውጣት አያቅተውም። ግን ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይችል ድንጋዩ ላይ የጭቃ መንገድ እየሠራ ነው የሚወጣው። እንጨቱ መሬት ላይ ሲሆን ይህን አያዩትም። ድንጋይ ላይ ሲሆን ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። በሳምንት አንዴ ጎንበስ ብለው ይዩ፣ የጭቃውን መስመር ካገኙ ጠርገው ያፍርሱት። ልጆችም ሊሠሩት ይችላሉ።

ለሚቀጥለው ቆረጣ፣ ከመስቀል በኋላ ማሰብዎ ጥሩ ነው። ዝናቡ አልፏል፣ የየካቲትና የመጋቢት ፀሐይም ገና ነው። ቅርፊቱን በተቆረጠበት ሰሞን ይላጡት። እርጥብ ሳለ በቀላሉ ይላጣል፤ ከደረቀ አድካሚ ነው፣ ተባይም ከሥሩ ይደበቃል። ከሚፈልጉት ርዝመት አንድ ስንዝር ያህል አስረዝመው ያስቆርጡ። ባህር ዛፍ ተፈጥሮው ውጥረት ያለበት ስለሆነ የቱንም ያህል ቢጠነቀቁ ጥቂት ጫፍ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ኋላ ያንን ይቆርጡታል። የተረፈ ቀለም ካለዎት ሁለቱንም ጫፍ በዚያው ቀን ይቀቡት። ከሌለ በእበት የተለወሰ ጭቃ ይለስኑት፤ እንደ ቀለም ባይሆንም መድረቁን ያዘገያል፣ ሲረግፍ ይደግሙታል።

መድረቁን ለማወቅ አንድ አጣና ምልክት አድርገው በየሁለት ሳምንቱ በእህል ሚዛን ይመዝኑት። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርሷል። እንደ ውፍረቱና እንደ ቦታው ጥቂት ወራት ይፈጃል።

መድኃኒት ርጩበት አልልዎትም። በተለይ ለሰብል የተገዛውን ኬሚካል እንጨት ላይ እንዳይረጩ አደራ። ፍልጡ ኋላ ምድጃ ይገባል፣ ጭሱን የሚተነፍሱት ባለቤትዎና ልጆችዎ ናቸው።

ያሁኑን ክምር ዛሬውኑ አፍርሰው ይለዩት። በመጥረቢያ ጀርባ ሲመቱት ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ከጤነኛው አያቀላቅሉት፤ ምስጡን አራግፈው ለማገዶ ያውሉት፣ ከቤቱ ግድግዳ ግን አያስጠጉት። ጫፉ ብቻ የተሰነጠቀው ተቆርጦ ለአጭር ቋሚ ይሆናል። በረጅሙ የተሰነጠቀውን ፈልጠው ለማገር ያድርጉት፤ ማገር ቢሆን መፈለጡ አይቀርለትም ነበር። የቀረውን ቅርፊቱን ልጠው ድንጋይ ላይ ያውጡት።