አዲሱ ሰንጢዬ ተከፍቶ አልዘጋ አለኝ

በዚህ እትም ሦስት ጥያቄዎች አሉን። ሦስቱም ከወሎ ናቸው፣ ሦስቱም ስለ ሰንጢ። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ አሰላሙ አለይኩም። እህቴ ከዱባይ ስትመለስ አዲስ የሚታጠፍ ሰንጢ አመጣችልኝ። ሸጋ ነገር ነው። እጀታው ብረት ነው፣ ስለቱ ምላጭ። ችግሩ መዝጋቱ ላይ ነው። ስለቱን ቆልፎ የሚይዘውን ስስ ብረት በአውራ ጣቴ ስገፋው ንቅንቅ አይልም። ጥፍሬ እስኪነጣ ስገፋው ደግሞ ድንገት ቀጭ ብሎ ይለቃል። ትናንት ለጥቂት ነው ጣቴን የተረፍኩት። ጎረቤቴ ብረት በያጅ ነው፣ «አምጣው፣ በሞረድ ሁለቴ ላድርግልህ» ብሎኛል። ልስጠው?

መልስ፦ ወዓለይኩሙ ሰላም ወንድሜ። እንዳትሰጠው። ጎረቤትህ ሊረዳህ ፈልጎ ነው፣ ግን ይቺ ቦታ ሞረድ አትችልም። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ። ቀድመን ግን ብረቱ ምን እንደሚሠራ እንይ።

ሰንጢውን ክፈትና ወደ ብርሃን ዞር በል። ስለቱ ታጥፎ የሚገባበትን ቦይ በውስጥ በኩል ተመልከት። ከእጀታው ውስጠኛ ብረት ላይ ተሰንጥቆ ወደ መሃል ጎበጥ ያለ ስስ ብረት ታያለህ። ሞላ ነው። ስለቱ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ይሄ ሞላ ከስለቱ ኋላ ዘው ብሎ ይገባና ተረከዙን፣ ማለትም የስለቱን የኋላ ጫፍ፣ ይደግፈዋል። ጣትህን ከመቆረጥ የሚያድነው እሱ ብቻ ነው። ሌላ ነገር የለም።

አሁን ተረከዙን ልብ በል። ቀጥ ብሎ አልተቆረጠም። ትንሽ ዘመም ብሏል፣ 8 ዲግሪ ገደማ። ሆን ተብሎ ነው። ሞላው እንደ ሽብልቅ ገብቶ ጥብቅ ስለሚል የተከፈተው ስለት አይንቀጠቀጥም። እንጨት የፈለጠ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል፤ በመዶሻ የገባ ሽብልቅ በእጅ ተስቦ አይወጣም። ያንተም ሰንጢ የሆነው ይኸው ነው። ቁልፉ አልተበላሸም፣ ከሚገባው በላይ ነው የያዘው። ከላላ ቁልፍ ይሄ በብዙ ይሻላል፣ እና አብሽር።

ይህን አሠራር ዛሬ በምናውቀው መልክ ያመጣው ማይክል ዎከር የሚባል አሜሪካዊ ቢላ ሠሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ። ከእሱ በኋላ ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ክሪስ ሪቭ የእጀታው አንዱ ጎን ራሱ ሞላ የሚሆንበትን ዓይነት አስተዋወቀ። በዚህኛው ዓይነት ሞላው ብዙ ጊዜ ቲታኒየም የሚባል ሌላ ማዕድን ነው። ቲታኒየም ከብረት ጋር ሲፋተግ ደግሞ የመናከስ ጠባይ አለው፣ ስለዚህ መጣበቁ ይብሳል። ያንተ የትኛው እንደሆነ በማግኔት ሞክር። ማግኔቱ ሞላውን ከያዘው ቲታኒየም አይደለም።

አዲስ ሰንጢ ላይ ሌላም ነገር አለ። ሞላውና ተረከዙ ገና አልተላመዱም። ፋብሪካው ሲቆርጣቸው የቀረ ሻካራ ጭረት አለ፣ በዓይን ባይታይም። ሁለቱ ሻካራ ገጾች ተጣብቀው ሲቀሩ ነው አውራ ጣትህን የሚያሰቃዩህ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ስትከፍተው በእጅ አንጓህ ወርወር እያደረግክ ነው? እንደሱ ከሆነ ተው። በወረወርከው ቁጥር ሽብልቁን በመዶሻ እየመታኸው ነው። ለአንድ ሳምንት በሁለት እጅ ቀስ ብለህ ክፈተው፣ ግማሹ ችግር ሊቀልልህ ይችላል።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ አጽዳው። ፋርማሲ የሚሸጠውን አልኮል ጥጥ ላይ ነካ አድርገህ የሞላውን ጫፍና ተረከዙን ጥረግ። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ቢወጣ አትገረም፣ የፋብሪካ ዘይትና የብረት ብናኝ ነው። አንዳንዴ ነገሩ እዚሁ ላይ ያልቃል።

ካላለቀ እርሳስ አምጣ። አዎ፣ ልጆች የሚጽፉበት እርሳስ። 2ቢ የሚል ብታገኝ ጥሩ ነው፣ ለስለስ ይላል። የእርሳስ ውስጡ ግራፋይት ነው፣ ግራፋይት ደግሞ ደረቅ ማለስለሻ ነው። እንደ ዘይት አይፈስም፣ አቧራም አይሰበስብም። ስለቱን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለህ ግማሽ ያህል እጠፈውና ያቺን ዘመም ያለች ገጽ ፈልግ። ጠባብ ናት። ግራጫ ሆና እስክታብረቀርቅ በእርሳሱ ቀባት። የሞላውንም ጫፍ እንዲሁ። ከዚያ ጨርቁን አንሳና ቀስ እያልክ 30 ጊዜ ያህል ክፈት፣ ዝጋ። አሁን ተረከዙን መልሰህ እየው። ከተቀባው መሃል እርሳሱ ተፍቆ የሚያበራ ትንሽ ቦታ ታያለህ። ሁለቱ ብረቶች የሚነካኩት እዚያች ላይ ብቻ ነው። ጠረግ አድርገህ እንደገና ቀባ።

የኔም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር። ደሴ ዝናብ ቤት ያዋለኝ ቀን፣ ቡና እየተፈላ፣ ከአቦል እስከ በረካ ስከፍት ስዘጋ ዋልኩ። በረካው ሲቀዳ አውራ ጣቴ ጥቁር ሆኗል፣ ሞላው ግን ገፋ ሲያደርጉት እሺ ይላል። በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ያዘኝ። ደገምኩት። በሦስተኛው ሳምንት እርሳስ አላስፈለገኝም፣ ምክንያቱም በዚህ ሁሉ መክፈትና መዝጋት ብረቶቹ ራሳቸው ተላምደዋል። እርሳሱ ጊዜ መግዣ ነው፣ የሚያድነው መላመዱ ነው።

ዘይትስ ትለኝ ይሆናል። ስለቱ የሚዞርበት ብሎን ላይ አንድ ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት ይበቃል። ሞላው ተረከዙን የሚነካበት ቦታ ላይ ግን አታድርግ። እዚያ ሽብልቁ መያዝ አለበት። ዘይት ካሟለጨው ስለቱ ተጭነህ እየቆረጥክ ሳለ ሊታጠፍ ይችላል።

አንድ ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። ኪስ ላይ የሚሰካበት ክሊፕ አለው? ክሊፑን የያዙት ትንንሽ ብሎኖች ከረዘሙ ጫፋቸው ወደ ውስጥ ያልፍና ሞላውን ይገፋል። በባለ ኮከብ ካቻቢቴ አንዱን ፈትተህ ሞክር። ሞላው ከቀለለ ጥፋተኛው ተገኘ፣ አጠር ያለ ብሎን ፈልግለት።

አሁን ወደ ሞረዱ። ጎረቤትህ ከተረከዙ ላይ የፀጉር ያህል ቢያነሳ ሞላው አልፎ ወደ ማዶ ይሄዳል፣ ቁልፉም ያረጀ ሰንጢ ቁልፍ ይሆናል። ዘመም ያለውን አቆራረጥ ትንሽ ቢያበዛው ደግሞ ይብሳል፤ ስለቱ ሲጫኑት ሞላውን ገፍቶ ያስወጣዋል። ያኔ ስለቱ የሚታጠፈው እጀታውን በያዙት አራት ጣቶችህ ላይ ነው። የተሞረደ ብረት አይመለስም። ብርጭቆ ወረቀትም ያው ነው። እህትህ ደረሰኙን ካስቀመጠችም ተሞርዶ የመጣን ዕቃ ሻጩ አይቀበላትም።

እስኪላመድ ድረስ አዘጋግህን ቀይር። ሞላውን ግፋ፣ ቀጭ ሲል ስለቱን ትንሽ ብቻ እጠፍና ቁም። አውራ ጣትህን ከቦዩ ውስጥ አውጣ። ከዚያ ነው በሌላኛው እጅህ የምትጨርሰው። እልክ ይዞህ በአንድ እጅ አትታገለው። መጨረሻ ላይ ቁልፉን ፈትነው። እጀታውን በመዳፍህና በአውራ ጣትህ ከጎንና ከጎን ያዝ፣ ጣቶችህ ከስለቱ መንገድ ይራቁ፣ የስለቱን ጀርባ ጣውላ ላይ ቀስ አድርገህ ተጫን። ሞላው ከቦታው ፍንክች ካላለ ጥሩ ነው። ከተንሸራተተ ግን በዚህ ሰንጢ ምንም አትቁረጥበት።

ጥያቄ፣ ከላሊበላ፦ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ብዙ ዘመን እንግዳ አስጎብኝቻለሁ። አንድ ፈረንሳዊ የሰጠኝ የእንጨት እጀታ ያለው፣ አንገቱ ላይ የሚዞር ቀለበት ያለው ሰንጢ አለኝ። በጋ ላይ ደህና ነው። ክረምት ሲገባ ስለቱ ከእጀታው አልወጣም ይለኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ አባቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። እንደነገሩን ከሆነ ኦፒኔል ሳይሆን አይቀርም። ፈረንሳይ ውስጥ ሳቮይ በሚባለው ተራራማ አገር ከ1890 ጀምሮ የሚሠራ ሰንጢ ነው፣ የሚዞረው ቀለበት በ1955 ነው የተጨመረለት (ሁለቱም እ.ኤ.አ. ነው)። የእርስዎ ነገር ከብረቱ አይደለም። እንጨቱ የክረምቱን እርጥበት ጠጥቶ አብጧል፣ ስለቱንም ቆንጥጦ ይዞታል። በራቸው ክረምት አልከፈት የሚል ሰዎች ያውቁታል።

በጉልበት አይሳቡት፣ ጥፍርዎን ይጎዱታል። ቀለበቱን አዙረው ይክፈቱና እጀታውን የጠረጴዛ እንጨት ላይ መታ መታ ያድርጉት። ስለቱ ብቅ ሲል ይያዙት። ከዚያ ከፍተው ነፋሻ ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ያኑሩት። ከምድጃ አጠገብ እንዳያስቀምጡት፣ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ሲደርቅ የቦዩን ውስጥና ስለቱ የሚዞርበትን አንገት በሰም ያሹት። እናንተ ዘንድ ጧፍ አይጠፋም፣ የጧፍ ሰም ይበቃል። ሲያጥቡት ውኃ ውስጥ አይዘፍዝፉት፣ ስለቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ወዲያው ያድርቁት።

ጥያቄ፣ ከከሚሴ፦ ሰኞ ባቲ ገበያ ስወርድ ሰንጢዬን በኪሴ ብይዝ ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ቤት ተይው። መንገድ ላይ ኬላ አለ፣ መናኸሪያም ፍተሻ አለ። ተቆልፎ የሚቆም ስለት ከኪስ ሲወጣ ፈታሹ ለምን እንደያዝሽው አያውቅም። ማስረዳቱ ጊዜ ይወስዳል፣ መኪናው ደግሞ አይጠብቅም። ለመፋቂያና ለሸንኮራ ብለሽ ከሆነ እዚያው ገበያ ቆርጠው ይሰጡሻል።