«ሞተሩ ተረጋግቶ ነበር፤ ታዲያ ለምን አልጠሩኝም?»

እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በአውቶሞቲቭ ደረጃ 3 ጨርሰሻል። ደብረ ብርሃን አንድ ጋራዥ ለሙከራ ጠርቶሽ፣ ፔዳል ሳይረገጥ በሚኒሞ ሲቆም የሚንቀጠቀጥ የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ ሰጥተው «አስተካክይው» አሉሽ። የዲስትሪቢውተሩን (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለውን ዕቃ) ቡሎን አላልተሽ፣ በጆሮሽ እያዳመጥሽ አዞርሽው፤ ሞተሩም ተረጋጋ። ባለቤቱ «እንጠራሻለን» ካለሽ ሁለት ወር ሆነው። ሦስት ጥያቄ አቀረብሽልኝ፦ ሴት ስለሆንኩ ይሆን? ካልሆነስ የት ተሳሳትኩ? የኤሌክትሪክ መኪና በመጣበት ዘመን ይህን ሙያ ልተወው?

ለመጀመሪያው፣ ሊሆን ይችላል። እዚያ ስላልነበርኩ «አይደለም» ብዬ አልዋሽሽም። ግን የሠራሽውን እንደነገርሽኝ ሳየው፣ ወንድ ልጅም ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ በዚያ ቀን አልቀጥረውም ነበር። ቅር አይበልሽ፤ ምክንያቱን አውቀዋለሁ፣ ራሴ ያጠፋሁት ጥፋት ነውና።

ወደ ማማከር ሥራ ከመግባቴ በፊት እዚሁ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ የደብረ ሲና ደንበኛ ልክ እንዳንቺው የሚንቀጠቀጥ መኪና አመጣልኝ። ዲስትሪቢውተሩን አዞርኩ፣ ሞተሩ ለሰለሰ፣ ሰውየው አመስግኖኝ ሄደ። ሸዋ ሮቢት ወርዶ ጭኖ ሲመለስ፣ የጣርማ በርን ዳገት ሲጀምር ሞተሩ ቆርቆሮ ውስጥ እንደተጣለ ጠጠር ይንኳኳ ጀመር። እየነዳው ወጣ፤ ውኃው ፈላ፣ በሞተሩ ራስ (በቴስታታው) ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጠለ። መኪናው ተጎትቶ ሲመጣ መጀመሪያ የታመመውን ነገር አገኘሁት፤ ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡራተር ሥር የተሰነጠቀች፣ ከትንሽ ጣቴ የማትወፍር፣ የሞተሩ መሳብ የሚተላለፍባት የቫኪዩም ቱቦ። የዚያ ሰው ፊት ዛሬም አይጠፋኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲስትሪቢውተሩን አዙረሽ እሳቱ ቀደም ብሎ እንዲተኩስ ስታደርጊ፣ በሚኒሞ ላይ ያለ ሞተር ዙሩ ይጨምራል። ዙሩ ሲጨምር መንቀጥቀጡ ይደበቃል፤ ያለልክ የቀደመ እሳት ግን ጭነትና ዳገት ሲመጣ ሞተሩን ያንኳኳዋል። ቱቦው ቢሰነጠቅም፣ አንዱ ካንዴላ (እሳቱን ሲሊንደር ውስጥ የሚተኩሰው) ቢደክምም፣ የካርቡራተሩ የሚኒሞ ቀዳዳ ቢደፈንም፣ ቫልቩ ቢጠብቅም ለጆሮ የሚሰማው መሻሻል አንድ ነው። ባለቤቱ ያየው ይህን ይመስለኛል፤ በሽታውን ሳትጠይቂ ምልክቱን አጠፋሽው።

ታይሚንግ፣ ማለትም እሳቱ የሚተኩስበት ጊዜ፣ የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ሞተሩ ይሙቅ። ከዚያ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ ቆንጥጪ፤ አንዷን ስትቆነጥጪ ድምፁ ከተለወጠ እዚያው ቁሚ፣ ቱቦዋን ፈትሺ። ቀጥሎ የካንዴላ ገመዶቹን በየተራ ንቀይ። እጅሽን ጠብቂ፤ በላስቲክ የተሸፈነ ፒንሳ ያዢ፣ የተነቀለው ገመድ ላይም ትርፍ ካንዴላ ሰክተሽ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኪው። ሲነቀል ዙሩ የሚወርደው ሲሊንደር ሠራተኛ ነው። ተነቅሎም ምንም ለውጥ ያላሳየው ሲሊንደር ሰነፉ እሱ ነው፤ ካንዴላውን አውጥተሽ እዪው፣ ኮምፕረሽኑን (ሲሊንደሩ የሚያምቀውን ግፊት) ለኪው። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል፣ እርጥብ ከሆነ እሳት አላገኘም፣ ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ደግሞ ቤንዚኑ አንሷል ወይም ሙቀቱ በዝቷል።

ይህ ሁሉ ደህና ሲሆን ወደ እሳቱ ትመጫለሽ። ፑንቲና (ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ እሳቱን የሚቆራርጥ መገናኛ) ያለው ከሆነ ክፍተቱን አስቀድመሽ አስተካክይ፤ ክፍተቱ ሲለወጥ ታይሚንጉም አብሮ ይለወጣልና ኋላ ብትነኪው ድካምሽ ከንቱ ነው። ዙሩን አምራቹ ባለው ልክ አድርጊ፤ የዲስትሪቢውተሩን የቫኪዩም ቱቦ ነቅለሽ እንድትደፍኚ ካዘዘም ድፈኚ። የታይሚንጉን መብራት በአንደኛው ሲሊንደር ገመድ ላይ አድርገሽ የክራንክ ፑሌጃው (በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ያለው ተሽከርካሪ) ላይ ያለውን ምልክት አብሪበት። ዲስትሪቢውተሩን ውስጡ ያለው ሮተር ከሚዞርበት በተቃራኒ ስታዞሪው እሳቱ ይቀድማል፣ ከሮተሩ ጋር ስታዞሪው ይዘገያል። የታይሚንጉ ትክክለኛ ዲግሪ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ ወይም በመኪናው መጽሐፍ ላይ አለ፤ ከጓደኛ ሰምተሽ አትውሰጂ።

የኛን አገር ደግሞ አትርሺ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ እሳቱ ትንሽ ቢቀድምም ሞተሩ ላይንኳኳ ይችላል። ያው መኪና ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ከፍታው ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ሙቀት አለ፣ አየሩ ወፍራም ነው፣ እዚያ ይንኳኳል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ በጆሮ የተስተካከለ ታይሚንግ ለቁልቁለቱና ለመልሱ ዳገት ዋስትና የለውም። የቫኪዩም መለኪያ ካገኘሽም መጽሐፉ ደህና ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች (የሜርኩሪ) ያሳያል ቢል አትደንግጪ። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀንስ፣ ደብረ ብርሃን ላይ 10 አካባቢ ቢያነብብ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ይህን ለአሠሪ መናገር የሚችል ጀማሪ ብዙ አላጋጠመኝም።

ሦስተኛው ጥያቄሽ ከባድ ነው፣ በግልጽ ልመልስልሽ። ዲስትሪቢውተር ማዞር ብቻውን እንጀራ አይሆንሽም። ቪትዝና መሰሎቹ ላይ ታይሚንጉን የሚወስነው ኮምፒውተር ስለሆነ የምታዞሪው ነገር የለም፤ ናፍጣ መኪና ደግሞ ጭራሽ ካንዴላም የለው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባትን ከልክሏል። ግን ያሉት መኪናዎች በአንድ ጀንበር አይጠፉም፣ አዲስ ስለማይገባም አሮጌው ረጅም ዕድሜ ይጠገናል። ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከማየት ወደ መፍታት የሚሄደው የምርመራ ልማድ ከኮሮላው ወደ ስካነሩ (የመኪናውን ኮምፒውተር ወደሚያነበው መሣሪያ)፣ ከስካነሩ ወደ ኤሌክትሪክ መኪናው ሽቦ አብሮሽ ይሻገራል። ስለዚህ አትተዪው። የመጀመሪያ ገንዘብሽን ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ግዢበት፣ የኤሌክትሪክ ክፍሉን ትምህርት እንደገና አንብቢው። የታይሚንግ መብራቱንና የኮምፕረሽን መለኪያውን እስክትገዢ ከሰው ተውሰሽ ተጠቀሚ።

አሁን ወደዚያው ጋራዥ ተመለሺ። ማለዳ፣ ሥራ ሳይበዛ፣ ቱታሽን ለብሰሽ ሂጂ። ባለቤቱን «ጋሼ፣ ያን ዕለት ቱቦውንና ካንዴላውን ሳላይ ታይሚንግ ነካሁ፤ መኪናው ከተመለሰ በቅደም ተከተል ልመርምረው፣ ካልሆነም ቀጥሎ የሚመጣውን የሚንቀጠቀጥ መኪና ያለ ክፍያ እርስዎ ፊት ልየው» በይው። እምቢ ካለሽ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉትን ጋራዦች በየተራ እንዲሁ ጠይቂ። ያየሽውን እያንዳንዱን መኪና በደብተር ጻፊ፤ ምልክቱን፣ የመረመርሽበትን ቅደም ተከተል፣ ያገኘሽውን። አሥር መኪና ሲሞላ ደብተሩን ይዘሽ ወደ እኔ ነዪ፤ የሥራ ማመልከቻሽን ከእሱ አውጥተን አብረን እንጽፋለን።