ሊስነሩን በሩት አታስነሳው

ወንድሜ፣ ሰርቨሩ ሪስታርት ከተደረገ ወዲህ የኦራክል ሊስነር (ከሌላ ኮምፒውተር የሚመጣን የግንኙነት ጥያቄ ተቀብሎ ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ከኮማንድ ላይን አልነሳ አለኝ፣ «ቲኤንኤስ 12555 ፐርሚሽን ዲናይድ» (ፈቃድ የለህም) ይለኛል ብለሃል። እኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ዳታቤዙን ከመነካካትህ በፊት ይህን አንብብ።

1. በማን ስም እንደገባህ እይ። ሊስነር የሚነሳው በኦራክል ዩዘር (ኦራክል በተጫነበት አካውንት) ነው። በሩት (ሁሉን ማድረግ በሚችለው የሰርቨሩ ዋና አካውንት) በፍጹም!

2. የሊስነሩ ፋይሎች በማን ስም እንደሆኑ እይ። እኛ ጋ የሩት ሆነው ተገኙ። የጥገና ውል የያዘው ድርጅት የላከው ባለሙያ በሩት ገብቶ «ኤልኤስኤንአርሲቲኤል ስታርት» (ሊስነሩን የሚያስነሳው ትእዛዝ) ብሎ ሄዷል። ለጊዜው ሠራ። ጣጣው የመጣው ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲበራ ነው። ሩት ሲያስነሳው፣ ቫር ቲኤምፒ ስር ባለው ድብቅ የኦራክል ፎልደር ውስጥ የሚፈጠሩት የሶኬት ፋይሎች (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚገናኙባቸው ፋይሎች) በሩት ስም ይቀራሉ። ሪስታርት አያጠፋቸውም። ኦራክል ዩዘር ደግሞ ሊነካቸው አይችልም።

ድርጅቱ ጋ ደውለን ስንጠይቅ ምን ቢሉን ጥሩ ነው? «ዳታቤዙ ተበላሽቷል፣ እንደ አዲስ መጫን አለበት፣ ክፍያው ለብቻ ነው።» ዳታቤዙ እኮ ምንም አልሆነም! እዚያው ሰርቨሩ ላይ በኤስኪውኤል ፕላስ (ለዳታቤዙ ትእዛዝ መስጫ ፕሮግራም) ሲገባ ሊስነር አያስፈልግም፣ እኛም ያለ ችግር እንገባ ነበር። ይህን ስነግረው ሰውየው ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

መፍትሔውን ራሴ ነኝ ያገኘሁት፣ በዚህም እኮራለሁ። ዳታቤዙን አቆምኩ። የቀረ የኦራክል ፕሮሰስ አለመኖሩን አየሁ። ከዚያ በሩት ገብቼ የሶኬት ፋይሎቹንና የሊስነሩን ሎግ (የሥራ መዝገብ ፋይል) ባለቤትነት በ«ቻውን» (የፋይል ባለቤት መቀየሪያ ትእዛዝ) ወደ ኦራክል ዩዘር መለስኩ። በኦራክል ዩዘር ስታርት ስለው ወዲያው ተነሳ። አደራ፣ ዳታቤዙ እየሠራ እያለ እነዚያን ፋይሎች እንዳትሰርዝ።

ከተነሳ በኋላ ስታተስ ስትለው ምንም ሰርቪስ (ተጠቃሚዎች ዳታቤዙን የሚጠሩበት ስም) ላያሳይህ ይችላል፤ ተጠቃሚዎችም ኦራ 12514 (ሊስነሩ የተጠየቀውን ሰርቪስ አያውቅም የሚል ስህተት) ያያሉ። አትደንግጥ። ዳታቤዙ ሊስነሩ ላይ ራሱን እስኪያስመዘግብ 60 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ከቸኮልክ ኤስኪውኤል ፕላስ ላይ «ኦልተር ሲስተም ሬጂስተር» በል። ፖርታችሁ (ሊስነሩ ጥያቄ የሚቀበልበት ቁጥር) ከ1521 ውጭ ከሆነ ግን ብትጠብቅም አይመዘገብም፤ ሎካል ሊስነር የሚባለውን ፓራሜትር ማስተካከል አለብህ። ፖርታችሁ ስንት ነው? የስታተሱን ውጤት እዚህ ለጥፍልኝና አየዋለሁ።