የመልሕቁ፣ የሣጥኑና የመዝገቡ ነገር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት። የምኖረው በቨርጂኒያ፣ ኖርፎክ አካባቢ ነው። ልጄ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ዐሥራ ሦስት ዓመት አገልግሎ ዘንድሮ ለ«ቺፍ» ማዕረግ ተመርጧል። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ነገር ግን ስሙ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል፤ የሚመለሰውም ሁላችን ከተኛን በኋላ ነው። ራሱ የሠራውን የእንጨት ሣጥን በሄደበት ሁሉ ይዞ ይዞራል፤ በውስጡ ያለውን መዝገብም እንዳልነካበት ለምኖኛል። ብጠይቀው «እማዬ፣ የሥራ ነገር ነው» ከማለት በቀር አያስረዳኝም። ሃይማኖት የሚነካ መሐላ ያለበት የምስጢር ማኅበር እንዳይሆን ሰጋሁ። በዚህ ላይ የ84 ዓመት አዛውንት የሆኑት አማቴ፣ በወጣትነታቸው በንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል የበታች ሹም ሆነው ምጽዋ ላይ «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ያገለገሉ ናቸውና፣ «በመዝገቡ ላይ እኔም ቃሌን ልጻፍለት» ይላሉ። ይፈቀዳል? በበዓሉ ዕለትስ ከእኔ ምን ይጠበቃል? እኅቶቼ ደግሞ እልል ማለት ይቻል እንደሆነ ጠይቂልን ብለውኛል።

መልስ፦ እመቤት፣ አስቀድመን እንኳን ደስ ያለዎት እንላለን። የፈሩት ዓይነት መሐላም ሆነ የምስጢር ማኅበር የለም። ልጅዎ ያለበት ጊዜ ባሕር ኃይሉ ራሱ መመሪያ የሚያወጣለት፣ ስድስት ሳምንት ገደማ የሚፈጅ የሥልጠናና የመፈተኛ ወቅት ነው። እርግጥ በቀደሙት ዘመናት በዚሁ ወቅት እጩዎችን ማንገላታትና ማዋረድ የታየባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ዛሬ ግን ድርጊቱ በመመሪያ የተከለከለና የሚያስቀጣ ነው። ልጅዎ ደክሞት ቢመጣ አይደንግጡ፤ ተዋርዶ ቢመጣ ግን ዝም አይበሉ።

የቺፍነት ማዕረግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1893፣ ማለትም ከዓድዋ ድል ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው፤ ቺፎችም ዕለቱን እንደ ልደት ቀን በየዓመቱ ያከብሩታል። እ.ኤ.አ. በ1958 ሲኒየር ቺፍና ማስተር ቺፍ የተባሉ ሁለት ማዕረጎች ከበላዩ ተጨመሩ። ምልክታቸው ሰንሰለት የተጠመጠመበት መልሕቅ ሲሆን ሲኒየሩ በላዩ አንድ ኮከብ፣ ማስተሩ ሁለት ኮከብ ይጨምራል።

ለወዳጅ ዘመድ ሲያበሥሩ «መኮንን ሆነ» እንዳይሉ አደራ። ስሕተቱ የብዙ ቤተሰብ ነው፤ ምክንያቱም ቺፍ የሆነ ሰው እንደ መኮንኖቹ ካኪ ይለብሳል፣ ምልክቱንም ኮሌታው ላይ ያደርጋል። ነገር ግን ቺፍ የበታች ሹም ነው፤ በእኛ ምድር ጦር አነጋገር ወደ ሻምበል ባሻው ይቀርባል። ክብሩም የሚመነጨው ከዚሁ፣ ከተራ መርከበኝነት ተነሥቶ፣ መጥረጊያና ቀለም ይዞ፣ ሌሊት ተረኛ ሆኖ፣ ሙያውን ከሥር ጀምሮ ተምሮ እዚያ ከመድረሱ ነው። ከትምህርት ቤት የወጣ ወጣት መኮንን መርከብ ላይ ሲመደብ በማዕረግ ቺፉን ይበልጣል፤ ሥራውን ግን የሚማረው ከዚያው ከቺፉ ነው። ሽማግሌው ለወጣቱ አለቃ «እሺ ጌታዬ» እያለ ማስተማር አለበት፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከዚህ የከበደ ሙያ በመርከቡ ላይ የለም።

ቺፎቹ በመርከብ ላይ የሚበሉትና የሚያድሩት ለብቻቸው በሆነ ክፍል ነው። ሜስ ይሉታል፤ በቀልድ ደግሞ «የፍየል ቤት»። እንደሚተረከው፣ በድሮ ጊዜ ለወተት በመርከብ የሚጫኑት ፍየሎች ለቺፎቹ በአደራ ይሰጡ ስለነበር ስሙ ከዚያ ቀርቷል። ልማዱ መርከቡን የሚያዝዘው ሰው እንኳ ሳይጋበዝ ዘው ብሎ እንዳይገባ ነው። የተዘጋው በር ጥቅሙ ይህ ነው፦ ያጠፋ ቺፍ በወንድሞቹና በእኅቶቹ ፊት እንደ ልብ ይወቀሳል፣ ክርክሩም እዚያው ያልቃል፤ ከበሩ ውጭ ግን ሁሉም በአንድ ቃል ይናገራሉ። ከልጅዎ በእነዚህ ሳምንታት የሚፈለገውም፣ እስከ ትናንት በግል ብርታቱ የተመሰገነ ሰው ከእንግዲህ ጓደኛውን ጥሎ ብቻውን መቅደምን እንዲተው ነው።

አሁን ወደ ሣጥኑ ልምጣ። ሣጥኑ የመዝገቡ ማኖሪያ ነው። መዝገቡ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተጀመረ ነው ይባላል። በዚያን ጊዜ የመርከብ አዛዦች ብቁ ያሉትን መርከበኛ ራሳቸው ቺፍ እንዲያደርጉ ተፈቅዶላቸው ስለነበር፣ ለዚያ የሚዘጋጀው ሰው ከነባር ቺፎች ዘንድ እየዞረ ምክራቸውንና የኃላፊነቱን ዝርዝር በደብተር ያጽፍ ነበር። ዛሬም እጩው ነባር ቺፎችን እየፈለገ ያጽፋል። ሣጥኑንና መዝገቡን ጥሎ ከተገኘ ግን ነባሮቹ ደብቀው ያስጨንቁታል። ስለዚህ ቤት ሲያጸዱ ከቦታው አያንሡበት፤ ልጅዎ እንዳይነካበት የለመነው ከእርስዎ ሊሰውር ብሎ አይመስለኝም።

እጩዎቹ ታሪክም ይማራሉ። አንዳንዶቹ ቦስተን ሄደው እ.ኤ.አ. በ1797 ባሕር ላይ በወረደችው «ኮንስቲቲዩሽን» መርከብ ሸራ መስቀልንና ገመድ መጎተትን ይለማመዳሉ። ከሚተረኩላቸው ሰዎች መካከል ካርል ብራሺርን ልጥቀስልዎ። በኬንታኪ የጥቁር ጭሰኛ ልጅ ሆኖ ያደገ ጠላቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 በስፔን ባሕር የጠፋ የኑክሌር ቦምብ ሲወጣ በደረሰበት አደጋ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጣ፤ ሆኖም በሰው ሠራሽ እግር ወደ ሥራው ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1970 በባሕር ኃይሉ የመጀመሪያው ጥቁር «ማስተር ጠላቂ»፣ ማለትም የጠላቂዎችን ከፍተኛ ደረጃ የያዘ፣ ሆነ፤ ማስተር ቺፍ ሆኖም ጡረታ ወጣ።

የአማትዎን ጥያቄ ሳነብ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። እርሳቸው ያገለገሉባት «ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. በ1962 ለኢትዮጵያ ከመሰጠቷ በፊት «ኦርካ» የምትባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነበረች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በፓሲፊክ ባሕር የውሃ ላይ አውሮፕላኖችን ትረዳ ነበር። እንግዲህ አማትዎ የቆሙበት የብረት ወለል ከእርሳቸው በፊት የአሜሪካ ቺፎች የቆሙበት ነው፤ ልጅዎ ይህን ያውቅ ይሆን? መጻፍ መቻላቸውን በተመለከተ፣ መዝገቡ በዋናነት የቺፎች ነውና ልጅዎ እየመራው ያለውን ነባር ቺፍ አስቀድሞ ይጠይቅ። ይህን የመርከቧን ነገር ከነገረው እምቢ የሚል ቺፍ ይኖራል ብዬ አላስብም። ከተፈቀደላቸው በአማርኛ ይጻፉ፤ ልጅዎ ከሥሩ ይተርጉመው። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩልኝ፦ ምርቃቱን ለቤት ያቆዩትና ገጹን በሥራ ይሙሉት። የማን የበታች ሆነው ምን እንደ ተማሩ፣ አንድ ሌሊት በምጽዋ ወደብ ምን እንደ ገጠማቸው፣ ምን ብለው ሰው እንዳዘዙ ይጻፉ።

በበዓሉ ዕለት፣ ይህም ብዙውን ጊዜ በመስከረም፣ ከእንቁጣጣሻችን ብዙም ሳይርቅ ነው፣ ስሙ ሲጠራ ቤተሰቡ ወጥቶ ሁለቱን ትንንሽ መልሕቆች ኮሌታው ላይ ይሰካል፤ አዲሱን ባርኔጣ ግን የሚያደርግለት የመራው ቺፍ ነው። በእንግድነት በተገኘሁበት አንድ በዓል አንዲት እናት እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የመልሕቁን የኋላ ማያያዣ ጣሉ፤ ልጁ ቀጥ ብሎ መቆም ስለነበረበት ጎንበስ ብሎ ማንሣት አልቻለም፤ የፊተኛው ረድፍ እንግዳ ሁሉ ወለል ለወለል ፍለጋ ገባ። ስለዚህ ቀደም ብለው በአሮጌ ሸሚዝ ይለማመዱ፤ መልሕቁም እንዳይጣመም ይጠንቀቁ።

እልልታው አልተከለከለም፤ ጊዜው ግን ይጠበቅ። የቺፎች ቃል ኪዳን ሲነበብ ጸጥታ ይፈለጋል። ከዚያ ልጅዎ በሁለት ረድፍ ቆመው ሰላምታ በሚሰጡ መርከበኞች መካከል ሲያልፍ የመርከብ ፉጨት ይነፋለታል፤ አዲሱ ማዕረጉም ለመጀመሪያ ጊዜ ከስሙ ጋር ይጠራል። ፉጨቱ እስኪያበቃ ይታገሡ፤ ከረድፉ ጫፍ ሲወጣ እኅቶችዎ ይልቀቁት።