ለላይብረሪያችን በጀት አናፖሊስ ድረስ፦ ጥያቄና መልስ

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የሰፈራችንን የሕዝብ ላይብረሪ በበጎ ፈቃድ ከሚያግዙት አንዷ ነኝ። በየዓመቱ በብርዱ ወራት ከሌሎች ደጋፊዎች ጋር ወደ ስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ እንሄዳለን፤ የስቴቱን ሕግ አውጪዎች ስለ በጀት እናነጋግራለን። ሰሞኑን ከወገኖቼ የደረሱኝን ጥያቄዎች እዚህ እመልሳለሁ።

እህቴ፣ ላይብረሪው የካውንቲው አይደል እንዴ? ስቴቱ ምን አገባው?

ልክ ነሽ፣ ትልቁን ገንዘብ የሚያወጣው ካውንቲው ነው። ስቴቱም ግን በሕግ የተቀመጠ ድርሻ አለው። ለአንድ ነዋሪ ይህን ያህል ዶላር ተብሎ ይሰላል። ከሚመጣው ድምር ውስጥ በጥቅሉ 40 በመቶውን ስቴቱ፣ 60 በመቶውን ካውንቲዎቹ ይሸፍናሉ። ክፍፍሉ እንደየአቅም ነው። ድሃው ካውንቲ ከስቴቱ ብዙ ያገኛል። ሀብታሙ ጥቂት ያገኛል፤ ቢሆንም ከ20 በመቶ በታች አይወርድም። አናፖሊስ ላይ ያቺ የነፍስ ወከፍ ዶላር ስትነካ መጀመሪያ የሚጎዳው አቅም የሌለው ካውንቲ ነው።

ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የለኝም። እኔን ማን ይሰማኛል?

መምረጥ ባትችልም ማነጋገር ትችላለህ። አቤት ማለት ለዜጋ ብቻ የተፈቀደ ነገር አይደለም። ቢሮው የሚጠይቅህ የት እንደምትኖር ነው። ፓስፖርት አሳየኝ ያለኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ማንን ነው የማናግረው? ስማቸውን እንኳ አላውቅም።

ሜሪላንድ 47 የምርጫ ዲስትሪክት አላት። እያንዳንዱ አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሊጌት (የታችኛው ምክር ቤት አባል) ይመርጣል። አንዳንዱ ዲስትሪክት ስለተከፋፈለ አንድ ወይም ሁለት ዴሊጌት ብቻ ሊኖርሽ ይችላል። የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አድራሻሽን ስታስገቢ ስማቸው ከነስልካቸው ይወጣል። ከመካከላቸው የበጀት ኮሚቴ አባል ካለ ከእሱ ጀምሪ።

መቼ ነው መሄድ ያለብን?

ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ለ90 ቀን ብቻ ነው፣ ከጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ጀምሮ። ገዢው በጀቱን ጃንዋሪ ላይ ያቀርባል፤ በ83ኛው ቀን ደግሞ መጽደቅ አለበት። ኤፕሪል ላይ ብትሄዱ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እኛ ፌብሩዋሪ እንሄዳለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ ምክር ቤቱ ከገዢው በጀት ላይ መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም ነበር። በ2020 ሕዝቡ በድምፁ ይህን ቀይሮታል። ከ2024 የበጀት ዓመት ወዲህ ከጠቅላላው ድምር ሳያልፉ ገንዘቡን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይችላሉ። «እጃችን ታስሯል» የሚል መልስ ከሰጧችሁ ይህን በትሕትና አስታውሷቸው።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ምን ብዬ አወራለሁ?

ይህ ጥያቄ በጣም ነው የሚነካኝ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሁለት ገጽ ሙሉ ቁጥር ይዤ ነበር። ዴሊጌቷ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ረዳታቸው ኮሪደር ላይ ቆሞ ተቀበለን። ቁጥሬን አነበብኩለት። «እናመሰግናለን» አለና ወደ በሩ አየ።

አብረውን አንዲት እናት ነበሩ፣ ነጠላቸውን በካፖርታቸው ላይ ጣል ያደረጉ። በአማርኛ ጀመሩ፤ ልጃቸው ትተረጉማለች። ያኔ 100 የነበሩትን የዜግነት ፈተና ጥያቄዎች የተማሩት ላይብረሪው ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሥራ የሚወጡት ማታ ስለሆነ የሚሄዱት ከመዘጋቱ በፊት ለአንድ ሰዓት ብቻ ነበር። ይህን እያሉ ቦርሳቸውን ከፍተው የላይብረሪ ካርዳቸውን አወጡ። ጠርዙ ተላጦ በፕላስተር ተለጥፏል። ረዳቱ ካርዱን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ከዚያ እስክሪብቶ አውጥቶ «የትኛው ቅርንጫፍ ነው? ማታ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?» ብሎ ጠየቃቸው። መልሳቸውን ጻፈ።

ስለዚህ እንግሊዝኛው አያስጨንቅሽ። የት እንደምትኖሪ ተናገሪ። ላይብረሪው ለአንቺ ወይም ለልጅሽ ያደረገውን አንድ ነገር ተናገሪ። ከዚያ የምትፈልጊውን በግልጽ ጠይቂ፦ «የላይብረሪውን የነፍስ ወከፍ ገንዘብ እንዳትቀንሱ።» «ላይብረሪ እወዳለሁ» ብቻ ብለሽ አትውጪ፤ ለሱማ ሁሉም ፈገግ ብሎ ይሸኝሻል።

የላይብረሪ ወዳጆች ማኅበራችን ከግብር ነፃ ነው። ይህን ማድረግ አይከለከልም?

አይከለከልም፤ ልክ ግን አለው። ማኅበራችሁ 501(c)(3) የሚባለው ከግብር ነፃ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከሆነ ቅጽ 5768 ሞልታችሁ ለታክስ መሥሪያ ቤቱ አስገቡ። ከዚያ ከዓመታዊ ወጪያችሁ የመጀመሪያ 500,000 ዶላር ላይ እስከ 20 በመቶው ለዚህ ሥራ ሊውል ይችላል። እጩ መደገፍ ግን በፍጹም አይቻልም። በማኅበሩ ስም «እገሌን ምረጡ» እንዳትሉ።

የፌዴራሉ ገንዘብ ተቋርጧል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

በማርች 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለስቴቶች የላይብረሪ ድጎማ የሚያከፋፍለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሥራውን ሕግ እስከፈቀደው ድረስ እንዲቀንስ ትእዛዝ ፈረሙ። ስቴቶች ተሰባስበው ከሰሱ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሮድ አይላንድ ያለ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ከላይ ያለው እንዲህ ሲናጋ የስቴቱ ድርሻ አለመነካቱ ይበልጥ ያስፈልገናል።

እኔ አሌክሳንድሪያ ነኝ። ቨርጂኒያም እንደዚሁ ነው?

መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ ጉዞው ወደ ሪችመንድ ነው። እዚያ ገዢው በጀቱን የሚያቀርበው ዲሴምበር ላይ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

ሄደን ለፍተን ምንም ባይመጣስ?

ያጋጥማል። በ2021 የሜሪላንድ ምክር ቤት አሳታሚዎች ዲጂታል መጽሐፍ ለላይብረሪዎች ተገቢ በሆነ ዋጋ እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ ያለ አንድ ተቃውሞ አጸደቀ። አሳታሚዎቹ ከሰሱ፤ በ2022 የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕጉን ውድቅ አደረገው። በጣም አዝነናል። በቀጣዩ ፌብሩዋሪ ግን ተመልሰን ሄድን። ኮሪደር ላይ የተቀበለን ያ ረዳት አሁንም እዚያው ነበር፤ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀን ስለ እኚያ ባለ ካርድ እናት ነው። ሰመር ላይ መጥቶ ቅርንጫፉን እንዲያይ ጋበዝነው። መጣ፣ ጠረጴዛዋንም አሳየነው።