ከወንጀል ነፃ ማስረጃው እስኪደርስ ሕፃን መቀበል ይቻላል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ቤት ተከራይተው የሕፃናት ማቆያ ለመክፈት ማመልከትዎን፣ ለከወንጀል ነፃ ማስረጃ አሻራ ከሰጡ በኋላ ውጤቱ መዘግየቱን፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትሠራ ጎረቤትዎም የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ስለሆነ ልጇን ከአሁኑ እንዲይዙላት እየለመነችዎ መሆኑን ጽፈዋል። ማስረጃው ለምን ዘገየ፣ እስከዚያውስ ይህችን አንዲት ሕፃን ብቻ መቀበል እችላለሁ ወይ ብለው ጠይቀዋል። እኔም በዚሁ ከተማ ማቆያ ስለማስተዳድር ያየሁትንና የማምንበትን እጽፍልዎታለሁ።

ሁለተኛውን ላስቀድምና፣ እባክዎ አይቀበሉ። የእናቲቱ ጭንቀት እውነተኛ መሆኑን አልጠራጠርም። በሠራተኛ ሕጉ መሠረት ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት ፈቃድ 90 ቀን ስለሆነ ገና የሦስት ወር ጨቅላ ጥላ ልትወጣ ነው፤ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ወደ ከተማችን ከመጡት ወጣት ሴቶች መካከል እናትም አክስትም በአጠገባቸው የሌላቸው ብዙ ናቸው። ሆኖም የሦስት ወር ሕፃን የደረሰባትን መናገር አትችልም። በእርስዎ እጅ ሳለች ትኩሳት እንኳ ቢነሳባት በመጀመሪያ የሚጠየቁት ፈቃድ እንዳለዎት ነው፤ መልስ ሲያጡ ምንም ያላጠፋ ሰው እንደ ጥፋተኛ ይቆጠራል፣ በሂደት ላይ ያለው ማመልከቻዎም ሊበላሽ ይችላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከቱ እርምጃዎች ሁሉ የመንግሥትም ሆኑ የግል ተቋማት የሕፃኑን ደህንነት እንዲያስቀድሙ ያዝዛል፤ ማጣሪያው የሚደረገውም ለዚሁ ነው። ለእናቲቱ የሚበጃት፣ ያልተጠቀመችበት የዓመት ፈቃድ ካላት ከወሊድ ፈቃዷ ጋር አያይዛ እንድትጠይቅ ወይም ለጥቂት ጊዜ ከአገር ቤት አንድ ዘመድ እንድታስመጣ ማማከር ነው። ያንን በደስታ ያግዟት።

መዘግየቱን በተመለከተ ያጋጠመኝ ብዙው ምክንያት ከአመልካቹ ጥፋት ጋር የሚገናኝ አይደለም። አንደኛው አሻራው ራሱ ነው። በበረኪናና በሳሙና ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ፣ ወይም እንሰት ሲፍቁ ያደጉ ሴቶች የጣታቸው መስመር ስለሚሳሳ አሻራው ደብዝዞ ይወጣና እንደገና እንዲሰጡ ይጠራሉ፤ የእኔ አንዲት ረዳት በዚህ ምክንያት ተመልሳ ሰጥታለች። ዳግመኛ ቢጠሩዎት ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት እጅዎን ከበረኪና ያርቁ፣ ማታ ማታ ቫዝሊን ይቀቡ፣ በዕለቱ ግን ቅባቱን በደንብ ታጥበውና አድርቀው ይሂዱ። ሌላው የስም መመሳሰል ነው። እኛ የምንጠራው በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም ስለሆነ ሦስቱም ስም የሚገጥምለት ሌላ ሰው መገኘቱ ብርቅ አይደለም፤ ያ ሰው መዝገብ ካለበት እርስዎ እርሱ አለመሆንዎ በአሻራ እስኪለይ ፋይሉ ይቆያል። የመታወቂያው ጉዳይም አለ። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ከሆነ፣ የቀድሞው ደቡብ ክልልም በ2015 ዓ.ም. ከተከፋፈለ በኋላ፣ መታወቂያቸው ከቀድሞ ቀበሌያቸው የወጣ ሰዎች አድራሻቸው እስኪጣራ ሲጠብቁ አይቻለሁ። ስለዚህ የቀበሌ መታወቂያዎና ፋይዳዎ ላይ ያለው የአያት ስም አንድ ፊደል እንኳ ሳይለያይ መግጠሙን ዛሬውኑ ይመልከቱ።

ሊጠይቁ ሲሄዱ ደረሰኝዎን ይያዙ፤ «መጣ ወይ?» ከማለት ይልቅ «አሁን የት ክፍል ደርሷል፣ ከእኔ የሚጎድል ነገር አለ ወይ?» ብለው ቢጠይቁ የተሻለ መልስ ያገኛሉ። በገንዘብ አፋጥናለሁ የሚል ደላላ ቢመጣ ፈጽሞ አይስሙት። ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ ራሱ ወንጀል ነው፤ ከወንጀል ነፃ ለመባል ወንጀል የሠራ ሰው ሕፃን ሊታመንበት አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልነግርዎ የምፈልገው ግን ማስረጃው ምን እንደማይናገር ነው። ወረቀቱ በስምዎና በአሻራዎ የተመዘገበ ጥፋት አለመገኘቱን ይናገራል እንጂ ከእርስዎ ጋር በግቢው ስለሚኖረው ሰው አንዳች አይልም። የተከራዩት ቤት የጋራ ግቢ ከሆነ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ማን ይኖራል? ዘበኛው ከየት መጣ? ቅዳሜና እሑድ የሚያድረው የአከራይዋ ወንድም ማነው? እኔ በቤቴ የሚያድር አዋቂ ሁሉ አሻራ እንዲሰጥ አድርጌያለሁ፤ ባለቤቴም ሰጥቷል። ለረዳትነት የሚመጡትን ደግሞ ከማስረጃው ሌላ ተያዥ እጠይቃለሁ፤ ተያዡን በስልክ ብቻ ሳይሆን በአካል አገኘዋለሁ፣ ቀድሞ የሠራችበትን ቤት እመቤትም ልጆቹ እንዴት ይቀርቧት እንደነበር እጠይቃታለሁ። ያልተከሰሰ ክፉ ሰው በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም፤ ጎረቤትና የቀድሞ አሠሪ ግን ብዙ ጊዜ ያውቁታል። ይህን ማጣራት ማንም አይሠራልዎትም፣ የመጠበቂያው ጊዜም ለዚሁ ይበቃል።

ቀሪውን ጊዜ ቤቱን ለማዘጋጀት ይጠቀሙበት። ከተማችን ወባ ስላላት ለእያንዳንዱ መኝታ አጎበር ያስፈልጋል፤ የከሰል ምድጃ ሕፃናት ወደሚተኙበት ክፍል በምንም ምክንያት አይግባ፤ ቀይ መስቀል የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ስለሚሰጥ ተመዝገቡ፣ የአምቡላንሱን 907 ቁጥርም በግድግዳ ላይ በትልቁ ይለጥፉ።

ማስረጃው ሲደርስዎ ከመስኮቱ ሳይርቁ ስምዎን፣ ፎቶውንና ማኅተሙን ያረጋግጡ፣ ስሕተት ካለ እዚያው ያሳርሙት፣ ቅጂ አስቀርተው ዋናውን ፈቃድ ለሚሰጠው ክፍል ያስገቡ። ለጎረቤትዎ የሚደውሉት ግን ፈቃዱ ራሱ በእጅዎ ከገባ በኋላ ይሁን።