አዲሱ የጊታር መቃኛ ቁልፍ ቀዳዳው ላይ ሲወዛወዝ

ከኮምቦልቻ የጻፍከው ወንድም፣ አዲሱ መቃኛ ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ ይወዛወዛል፣ የቪቴው ቦታም አይገጥምም፣ ልመልሰው ወይ ብለሃል። አትቸኩል፣ መጀመሪያ ለካው። የድሮው ዓይነት ቁልፍ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ 9 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የዘመኑ፣ ከፊት በዳዶ የሚጠብቀው፣ 10 ሚሊ ይፈልጋል። ቀጭኑን ሰፊው ውስጥ ከከተትከው መወዛወዙ አይቀርም። ውጪው 10 ሚሊ የሆነ፣ ውስጡ የቁልፉን ዘንግ የሚይዝ የብረት ቀለበት ፈልግለት። በወረቀት ጠቅልሎ ማጥበቅ የሚባለውን ምክር እርሳው።

የቪቴው ነገር ቀላል ነው። ስቴኪኒ ኮላ ነክረህ አሮጌው ቀዳዳ ውስጥ ጠቅጥቅ፣ ትርፉን ቁረጥ፣ ይደር። በማግስቱ ስድስቱንም ቁልፎች ከትተህ ጀርባቸውን በማስመሪያ አሰልፍ፣ አዲሱን ቦታ በእርሳስ ነጥብ አድርግበት። ከቪቴው በቀጠነ መሰርሰሪያ ብሳ። መሰርሰሪያው ላይ ስኮች ጠምጥምበት፤ ስኮቹ እንጨቱን ሲነካ ቁም፣ አለዚያ በፊት ለፊት ብቅ ይልልሃል! ቪቴውን ሻማ ላይ ፈተግ አድርገህ በእጅ ካቻቢቴ አስገባው። ያቺ ትንሽ ቪቴ እንጨት ውስጥ ከተበጠሰች ማውጣቷ መከራ ነው።

እንደኛ ደሴ ልጆች ከባቲ ወደ አምባሰል ቅኝት የምትቀያይር ከሆነ 18 ለ 1 የሚለውን ቁልፍ እመርጥልሃለሁ። 18 ጊዜ ስታዞረው ዘንጉ አንዴ ብቻ ስለሚዞር ድምፁን በጥቂት በጥቂቱ ታስተካክላለህ። ከዚያም በኋላ ክሩ «ጢቅ» እያለ ከቅኝት ከወጣ፣ ቁልፉን ትተህ አንገቱ ጫፍ ላይ ያለውን የክር ማለፊያ እርሳስ ቀባው።